ድጋሚ ነው፤ ግን ተቀመጥ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ፣ ቤተሰቡስ፣ ሥራውስ? ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሒሳብ እንተወው። ብንተሳሰብ ሁለታችንም አናተርፍም። አንተ አለህ፣ እኔም አለሁ፤ ይበቃል።

የምጽፍልህ ትልቅ ወሬ ኖሮኝ አይደለም። ማን አገባ፣ ማን ወለደ የሚለውን ስንደዋወል እነግርሃለሁ። አሁን የያዘኝ ነገር ሌላ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ሱሰኛ ሆኛለሁ። ለሌላ ሰው ብነግረው አርጅተሃል ይለኛል። አንተ ግን ፊልም እያየህ ከተዋናዩ ጋር የምትጨቃጨቅ ሰው ስለሆንክ ይገባሃል። እቤት ያሉት ተስፋ ቆርጠውብኛል። ልጆቹ አጠገቤ ቁጭ ይሉና "እነዚህ ሰዎች እኮ ሁሉም ሞተዋል" ብለውኝ ይነሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ አብዛኞቹ የሉም።

ነገሩ የጀመረው በየወሩ የምከፍልባቸውን የፊልም አገልግሎቶች የሰረዝኩ ጊዜ ነው። ገንዘቡም ነበር፤ ይበልጥ የሰለቸኝ ግን መምረጡ ነው። ማታ ደክሞኝ እቀመጣለሁ። ሪሞቱን ይዤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ላይ። ይሄን አይቼዋለሁ። ይሄኛው ያስፈራል። ያኛው ስምንት ሲዝን ነው፣ ማን ይጨርሰዋል? ስመርጥ እንቅልፌ ይመጣና ምንም ሳላይ እተኛለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ ሁሉንም ዘጋሁና በነፃ የሚገቡትን ዲጂታል ቻናሎች ሰርች አደረግኩ። ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ፣ የማንም ጣት በማይደርስበት ቁጥር ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የድሮ ተከታታይ ፊልም ብቻ የሚያሳዩ ጣቢያዎች ተደርድረዋል። በቃ፣ እዚያው ቀረሁ።

ለምን እንዲህ በዙ ብትለኝ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። በአናሎጉ ዘመን አንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሸከመው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። በዲጂታል ምስሉም ድምፁም ስለሚጨመቅ እዚያው ቦታ ላይ ብዙ ጣቢያ ይታጨቃል። በርሊን አናሎጉን የዘጋችው በ2003 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ)። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች በ2009 ተከተሉ፣ ብሪታንያ በ2012 ጨረሰች። ቦታው ተገኘ፤ በምን ይሞላ? አዲስ ድራማ መሥራት ውድ ነው። የተሠራው ግን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ የማሳያ መብቱን መግዛት ብቻ ነው። በመሀል የሚገባው ማስታወቂያም ተመልካቹ ማን እንደሆነ ይነግርሃል። የመስሚያ መሣሪያ፣ የጉልበት ቅባት፣ የሕይወት መድን። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር። አሁን የቅባቱን ስም በቃሌ ይዤዋለሁ።

በል አሁን ወደ ኮሎምቦ ልውሰድህ። ያ የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት ለባሹ መርማሪ፣ አስታወስከው? ካፖርቱ የተዋናዩ የፒተር ፎልክ የራሱ ነበር። አንድ ዓይኑም ሰው ሠራሽ ነው፤ እውነተኛውን በሕፃንነቱ ነው ያጣው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያየው አስተያየት ሌላ ሆኖብኛል። የዚህ ድራማ ብልሃት ገዳዩን ከመጀመሪያው ማሳየቱ ነው። ማን ገደለ ብለህ አትጨነቅም። ጥያቄው ይሄ ዝርክርክ ሰውዬ ያንን ሀብታም፣ ኩሩና ብልጥ ነፍሰ ገዳይ በምን ይይዘዋል የሚለው ነው። ለድጋሚ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሌላ የወንጀል ፊልም ሁለተኛ ስታየው ምስጢሩ አልቋል። ኮሎምቦ ግን ምስጢሩን ገና ሲጀምር ራሱ ስላወጣው የሚያልቅበት ነገር የለም።

እኔማ አሁን የማየው ገዳዩን ነው። ኮሎምቦ ተሰናብቶ በሩ ጋ ይደርስና "አንዲት ነገር ብቻ" ብሎ ሲመለስ፣ የዚያን ሰውዬ ፊት ተመልከት። መጀመሪያ ፈገግታ ነው። ቀጥሎ ትዕግሥት። ወደ መጨረሻው ላይ ላብ። ሴራውን ለመከታተል ስትሯሯጥ ይህ ሁሉ ያመልጥሃል። ደግሞ በ1971 የታየውን የመጀመሪያውን መደበኛ ክፍል ዳይሬክት ያደረገው ማን መሰለህ? ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ገና የ24 ዓመት ልጅ ሳለ። መክፈቻው ላይ አንድ ሰው መኪና ሲነዳ ታያለህ፤ የምትሰማው ግን የመኪናውን ሞተር ሳይሆን የጽሕፈት መኪና ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነው። ስፒልበርግ ትልቅ የፊልም ዳይሬክተር እንደሚሆን ያኔውኑ ያስታውቃል።

ከተዋንያኑ ይልቅ ያስገረመኝ ግን እነዚህ ነገሮች እኛ ጋ የደረሱበት መንገድ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በአብዛኛው ከኒውዮርክ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ለሩቅ ከተሞች የሚላከው ቅጂ የሚሠራው ስክሪን ፊት የፊልም ካሜራ ደቅኖ በመቅረጽ ነበር። ምስሉ ጭጋግ የገባበት ነው። በ1951 ሉሲል ቦልና ባሏ ዴሲ አርናዝ "አይ ላቭ ሉሲ" የተባለውን ኮሜዲ ሲጀምሩ ከሆሊውድ አንነቃነቅም አሉ። እንግዲያው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ይቀረጽ ተባለ። ወጪው በዛ። ባልና ሚስቱ ደመወዛችንን ቀንሱልን፣ የፊልሞቹ ባለቤትነት ግን የኛ ይሁን አሉ። አንዴ የታየን ነገር ማን ደግሞ ያያል በሚባልበት ጊዜ እኮ ነው! ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ፊልሞች ኮሜዲውን ሲያሳይ ለነበረው ኔትወርክ (ለአገር አቀፉ የጣቢያዎች ድርጅት) በሚሊዮኖች ዶላር መልሰው ሸጡለት። ዛሬ ብታየው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥራቱ ግን ትናንት የተነሳ ያስመስለዋል። የ35 ሚሊሜትር ፊልም እንደገና በዘመኑ ማሽን ስካን ሲደረግ ያኔ በቴሌቪዥን ያልታየው ዝርዝር ሁሉ ይወጣል። የሴትየዋን የቀሚስ ስፌት ትቆጥራለህ።

በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸው ግን ይህ ዕድል የለውም። ቴፕ ለቴሌቪዥን የደረሰው በ1956 ነው። ውድ ነበር፤ ደግሞ ተደምስሶ እንደገና ይሠራበታል። ቢቢሲ "ዶክተር ሁ" የሚባለውን፣ በ1963 የጀመረውን ድራማ ብዙ ክፍሎች እንዲሁ ደምስሷቸዋል። በክፋት አይደለም፤ መደርደሪያው ሞልቶ፣ ቴፑም ለሌላ ሥራ ተፈልጎ። የተረፉት ክፍሎች ከተረፉበት መንገድ አንዱ ለውጭ አገር ጣቢያዎች ሽያጭ በፊልም የተባዙት ቅጂዎች ናቸው። በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ተገኙ ሲባል የት ይመስልሃል? ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ። ለንደን የጣለችውን ጆስ ይዛ ቆየች። ይሄን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ ብልህ አታምነኝም።

ስለዚህ ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር የሚሉህን አትስማ። ቆሻሻውም ሞልቶ ነበር። ገሚሱ ተደምስሷል፤ ገሚሱን ደግሞ እኔ ትናንት ከሰዓት አይቼዋለሁ።

ድጋሚ የሚለው ቃል የተረፈ ነገር ይመስላል እንጂ ድጋሚ ባይኖር ብዙ ነገር አይኖርም ነበር። "ስታር ትሬክ" የተባለው የጠፈር ጉዞ ድራማ በ1966 ጀምሮ በ1969 ተመልካች አነሰው ተብሎ ተቋረጠ። 79 ክፍል ብቻ ነው። በየአካባቢው ያሉ ጣቢያዎች በ1970ዎቹ በድጋሚ ሲያሳዩት ነው አገር ያበደው። እኔ በግሌ ብዙም አልወደውም፤ የጠፈር መርከቧ በተመታች ቁጥር ሁሉም ወደ ጎን ሲወድቁ ሳቄ ይመጣል። ግን ውለታው የድጋሚ ነው።

ስለ ሳቅ ካነሳሁ ላይቀር፣ "ማሽ"ን ታስታውሳለህ? በኮሪያ ጦርነት ያሉ የጦር ሐኪሞች። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ነው የቆየው፣ ድራማው ግን ከ1972 እስከ 1983 ድረስ አሥራ አንድ ዓመት! ኔትወርኩ የተመልካች ሳቅ ይግባበት አለ። አዘጋጆቹ አልፈለጉም። ሲከራከሩ ቆይተው ቢያንስ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሳቅ እንዳይሰማ ተስማሙ። ቢቢሲ ደግሞ ሳቁን ከነጭራሹ አውጥቶ ነው ያሳየው። እኔ ሁለቱንም ዓይነት አይቻለሁ። ያለ ሳቅ ስታየው ሌላ ድራማ ነው። ሐኪሙ ቀልዱን ይናገራል፤ ማንም አይስቅም፤ ሰውዬው ሊያለቅስ ትንሽ እንደቀረው ይገባሃል። ያ ሳቅ ደግሞ አብዛኛው ከማሽን የሚወጣ ነበር። ቻርልስ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ በ1950ዎቹ የሠራው ሳጥን ነው፤ ቁልፍ ሲጫን ይሳቃል። ጆሮህን ከሰጠኸው አንዷን የምትንተከተክ ሴትዮ በተለያዩ ድራማዎች ውስጥ ታገኛታለህ። እኔ ወዳጄ አድርጌያታለሁ።

አሁን ደግሞ ምሬቴን ስማ። አንደኛ፣ የድሮው ምስል ቅርጹ አራት ለሦስት ነው (ወርዱ አራት ቢሆን ቁመቱ ሦስት)፣ የኛ ቲቪ ደግሞ ሰፊ። አንዳንዱ ጣቢያ ለማስፋት ብሎ ምስሉን ይለጥጠዋል። ሰው ሁሉ ወፍሮ፣ ክብ የነበረው ሰዓት እንቁላል መስሎ ይመጣል። ከላይና ከታች የሚቆርጠውማ የባሰ ነው፤ ግንባር የሌለው ተዋናይ ታያለህ። በጎን ጥቁር ቢቀር ማን ሞተ? ሁለተኛ፣ ያኔ የአንድ ሰዓት ድራማ ሲባል ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ስለበዛ እዚያው ሰዓት ውስጥ ለመክተት ይቆራርጡታል። መርማሪው ከመኪና ሲወርድ ታየዋለህ፣ ብልጭ ሲል ጥፋተኛው በካቴና ነው። ሦስተኛው ያበሽቀኛል። ክፍሎቹን አዘበራርቀው ነው የሚያሳዩት። ሰኞ የሞተ ሰውዬ ረቡዕ ተነስቶ ስልክ ያነሳል። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ የሠራተኞቹን ስም ጥግ ላይ አጭቀው ስለሚቀጥለው ፕሮግራም ይጮሁብሃል። እኔ እኮ ያችን ነርስ ሆና የተጫወተችውን ሴትዮ ስም ነበር የምፈልገው!

እንዲህም ሆኖ አልተውኩትም። ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ሰዓቱ የኔ ስላልሆነ ነው የምልህ። ሁሉን እንደፈለግሁ ማቆም፣ መመለስ፣ መዝለል ስችል አንድም ነገር አልጨረስኩም። አሁን ድራማው በራሱ ሰዓት ይጀምራል። ብደርስ ደረስኩ፣ ባልደርስ አለፈኝ። መሀል ላይ ብገባም ምን ሆነ ብዬ አልጨነቅም፤ የዚያ ዘመን ክፍል በራሱ ጀምሮ በራሱ ያልቃል። ያለፉትን አምስት ሲዝን አላየህም ብሎ የሚቀጣህ የለም። ደግሞ ይህን ክፍል አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የማላውቃቸው ሰዎች አብረውኝ እያዩት ነው። ስልክ ላይ ብቻዬን የማየው ነገር ይህን ስሜት አልሰጠኝም።

ያንን ሳስብ ነው አንተ የመጣህብኝ። የሚያውቀኝ አንድ ሰው እንኳ አብሮኝ ቢያይ ብዬ። ስለዚህ ሪሲቨርህን አውጣና ቻናሎቹን እንደ አዲስ ሰርች አድርግ። "አውቶ" የሚለውን ተጫን፣ እስኪጨርስ አትንካው፤ ጣቢያዎቹ ቦታ ስለሚቀያየሩ የድሮውን ዝርዝር አትመን። አንቴና ከሆነ ገመዱ ጠበቅ ማለቱን እይ። ምስሉ የተለጠጠ ከመሰለህ ሪሞቱ ላይ የስክሪን ቅርጽ መቀየሪያ አለ፣ እሱን ነካ ነካ አድርገው። የሚገባልህን ጣቢያ ስም ጽፈህ ላክልኝ። ኮሎምቦ ሁለታችንም ጋ የሚገባ ከሆነ ቀንና ሰዓቱን እንወስናለን። ማስታወቂያ ሲገባ እደውልልሃለሁ። አምስት ደቂቃ ስለሆነ በደንብ እንጫወታለን፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ የሚለውንም በዚያው እጨርስልሃለሁ።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው