ከአራት ዓመት በኋላ፣ ከናይሮቢ

አንቺ ሴት፣ እንዴት ነሽ?

አውቃለሁ። እማማ ሲያርፉ እንኳን አልደወልኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሞላው። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እስኪበቃሽ ትሰድቢኛለሽ።

አሁን የጻፍኩልሽ ልጅቷ አስጨንቃኝ ነው። (ያቺ አዝለሻት የምትዞሪው። በቁመት በልጣኛለች።) የታሪክ አስተማሪዋ የማው ማው አመፅ (እዚህ ኬንያ በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ላይ የተነሳው) ፖለቲካዊ መንስኤዎችን ጽፋችሁ ኑ አላቸው። ነጮቹ ስለወሰዱት መሬት ሦስት ገጽ ሞልታ ሄደች። «ይሄ ኢኮኖሚ ነው፣ እንደገና» ብሎ መለሰላት። ቤት መጥታ አለቀሰች። እኔም እንደ አዋቂ ላስረዳት ቁጭ አልኩ። ዶርም ውስጥ «ገበሬ የሚያምፀው ሆዱ ሲጎድል ብቻ ነው» ስልሽ ጫማ የወረወርሽብኝ ትዝ አለኝ። ለካ ጫማው ይገባኝ ነበር።

መሬቱማ ከተወሰደ ቆይቷል። መሬታቸውን የተነጠቁት የኪኩዩ ብሔረሰብ ሰዎች ግን ዘለው ጫካ አልገቡም። ማኅበር አቋቋሙ፣ አቤቱታ ጻፉ። የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበርን እ.ኤ.አ. በ1940 አገዱባቸው። በ1944 ሌላ አቋቋሙ፣ በ1947 ጆሞ ኬንያታ (በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው) መሪው ሆነ፣ አሁንም አቤቱታ። በ1951 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ግሪፊትስ ከለንደን መጣ። መልሱ ምን ሆነ መሰለሽ? በምክር ቤቱ 30 ሺህ ለሚሆኑት ነጮች 14 ወንበር፣ 5 ሚሊዮን ለሚሆነው አፍሪካዊ 5። አምስቱንም የሚሾመው መንግሥት! ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አካፈለች። ለአንድ ወንበር ሁለት ሺህ ነጭ፣ አንድ ሚሊዮን ጥቁር። ዝም ብላ አየችኝ።

በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጀመሪያ ከታሰሩት አንዱ ደግሞ ማው ማውን በአደባባይ ያወገዘው ኬንያታ! አቤት የሚለውን አስረሽ ከማን ጋር ልትነጋገሪ ነው?

ጎረቤታችን ሽማግሌ የአባታቸውን ኪፓንዴ አሳዩን። እንግሊዞች ጥቁር ወንዶችን በግድ ያስይዙት የነበረ፣ የጣት አሻራ ያለበት የመታወቂያ ወረቀት የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ነው፣ እንደ ፍየል ቃጭል አንገት ላይ የሚንጠለጠል። ክዳኑ ዝጎ አልከፈት አለ። ልጅቷ አንገቷ ላይ ልታደርገው ስትል «አቻ!» ብለው ጮኹባት። ተዪ ማለታቸው ነው። ከዚያ ራሳቸው አፍረው ሻይ ቀዱላት።

የሚያስቅሽን ልንገርሽ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2003፣ የጠፋው የማው ማው ጄኔራል ማቴንጌ ተገኘ ተብሎ ከእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አምጥተው በክብር ተቀበሉ። ሰውዬው ኪኩዩኛ አይችልም! ዲኤንኤ ሲመረመር ሌላ ሰው ሆነ። አንቺም ስታዪኝ ምርመራ እንዳትጠይቂ ብዬ ነው። ወፍሬያለሁ፣ ፀጉሬንም ተቆርጫለሁ።

እና... ነሐሴ ላይ ልጅቷ አዲስ አበባ ትመጣለች። ሆቴል ልይዝላት ነበር። ማለቴ፣ ቤቱ ካልጠበበሽ... ቡና ማፍላት ትችላለች፣ ብዙም አታወራም። የእማማን መቃብር እንድታሳያትም ፈልጌ ነበር። እኔ ለመምጣት ገና ድፍረቱን አላገኘሁም።

ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።