ከስኖርከሉ በፊት ፍሬኑን እዩት

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣችን አዘጋጆች፣

ባለፈው ስለ አሮጌ መኪኖች ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ ትንሽ ሀሳብ ልስጥ ብዬ ነው፣ ትንሽ ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ ሊረዝም ይችላል ከወዲሁ ይቅርታ። ጸሐፊው ያረጀ መኪና በሙሉ ከመንገድ ይውጣ ብሎ ደመደመና ከፍ ተደርገው ትልልቅ ጎማ የገባላቸውን ላንድክሩዘሮች ደግሞ የጎረምሳ ጨዋታ አላቸው። በሁለተኛው ሀሳብ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ፣ በመጀመሪያው ግን ኧረ በጭራሽ።

እኔ ባህር ዳር አባይ ማዶ ነው ምኖረው፣ እንጀራዬም አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ነች። ሃርድቶፕ፣ 75 ሚባለው፣ ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ፣ ያው ሁሉም ሚያውቀው ባለ 6 ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ከአንድ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ ስገዛት ከትልቋ ልጄ በእድሜ ትበልጥ ነበር። የሽንኩርትና የሩዝ ነጋዴ ፎገራ አደርሳለሁ፣ ጥናት ምናምን የሚሰሩ ሰዎች ሲመጡ ቀበሌ ለቀበሌ አዞራለሁ። አሁን እንኳ እንደ ድሮው እንደልብ አይወጣም፣ መንገድ ሲከፈት ነው እንጂ።

"አዲስ ግዛ" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ቁጥር 1186 ማለት ነው፣ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ከናካቴው አይገባም ተባለ። ኤሌክትሪኩን አልጠላሁም፣ የጓደኛዬን ነድቼዋለሁ፣ ድምፅ የለው ጭስ የለው፣ ለከተማ አስፋልት አንደኛ ነው። ግን ነሐሴ ላይ ከወረታ ወደ ውስጥ ገባ በሉና ያንን ጥቁር ዋልካ እዩት። ዋልካ እንደሌላ ጭቃ አይደለም፣ ጎማው ላይ ይጠቀለልና ጥርሱን ይደፍነዋል፣ ከዛ ጎማህ ለስላሳ ዱባ ሆነ ማለት ነው፣ ብትረግጥ ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። እኔን ስንቴ ነው በሬ ጠምደው ያወጡኝ። ጎማውን ወደ 20 ፒኤስአይ አስተንፍሼ ፎር ሎው፣ አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያዞረውን ማርሽ፣ አስገብቼ ቀስ ብዬ ስሄድ ነው ሚሻለው፣ ይሄን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የፎገራ ገበሬ ነው፣ በሬዎቹን ፈቶ ሲያበቃ "አያ፣ ይቺ መኪናህ ጎማዋ ደረቀ፣ ትንሽ አለስልሳት" አለኝ።

እንግዲህ መኪና ማሻሻል የሚባለው ነገር እኛ ጋ ለፎቶ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ሚያስፈልገው ሰው አለ። ችግሩ ሁሉም ከላይ፣ ከሚታየው መጀመሩ ነው።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከጥቂት አመታት በፊት አንድ ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ቱርቦ እንግጠምላት" አለኝ። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚጨምር ነገር ነው፣ ሀሳቡ ራሱ ክፋት የለውም። ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ አንፃር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ደብረ ታቦርን አልፈህ በጉና ጥግ ወደ ጋይንት ስትወጣማ ይብስበታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ያንሰዋል፣ ናፍጣው ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ጉልበት ያጣና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከተጋጨ መኪና የወረደ ቱርቦ አመጡ፣ የጭስ መሰብሰቢያ ማኒፎልዱን እዛው በየዱት፣ ፓምፑ ላይ ናፍጣ ጨመሩበት፣ አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ንጉሥ ነዳሁ በቃ። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ምትወጣውን ዳገት በአራተኛ ስትወጣው፣ አይሱዙውን ሁሉ እየቀደምኩ፣ ምን አለፋችሁ ሰው ሁሉ ያየኝ መስሎኝ ነበር።

ሶስተኛው ወር ላይ ክምር ድንጋይ የምትባለዋን ከተማ አልፌ እየወጣሁ የሙቀት መርፌዋ ከመሀል ትንሽ ከፍ አለች። ዳገት ነው ብዬ ናቅኳት። ብርድ ስለነበር የውስጡን ማሞቂያ ከፍቼዋለሁ፣ ድንገት ቀዝቃዛ አየር መንፋት ጀመረ። እዚህ ጋ ነበር መቆም የነበረብኝ! ማሞቂያው ሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ ነፋ ማለት ውሃው ከላይኛው ክፍል ጠፍቷል ማለት ነው፣ መርፌዋም ብትሆን ውሃ ሳይነካት ትክክሉን አትናገርም። እኔ ግን "ይሄ ደሞ ተበላሸ" ብዬ ማሞቂያውን ዘግቼ ቀጠልኩ። ከዛ ነጭ ጭስ። ከዛ ዝም አለች። በአይሱዙ ተጭና ነው ባህር ዳር የገባችው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ሲወርድ በሁለት ቫልቮች መሀል ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ጋራዡ "ውሃ ሳታይ ነድተህ ነው" አለኝና እጁን ታጠበ። ግማሹ እውነት ነው፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ከዛ ነው ሰው የጠቆመኝ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ሙያውን ድሮ አስመራ የተማሩ ናቸው፣ ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኳቸው ልተወው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ጀመሩኝ።

"ቱርቦ ከማስገጠምህ በፊት ኮምፕሬሽኑን አስለክተሃል?"

"ኧረ አላስለካሁም ጋሼ።"

"ኖዝሎቹንስ?"

"እሱንም አላስለካሁም።"

"ራዲያተሩ መቼ ነው የታጠበው?"

ዝም አልኩ።

"ታዲያ የታመመ በሬ ጠምደህ ጅራፍ ስታበዛበት ነበራ!"

ራዲያተሩን አውርደው ሲከፍቱት ከቱቦዎቹ ግማሽ ያህሉ በዝገትና ኖራ በመሰለ ነገር ተደፍነዋል፣ እኔና ከኔ በፊት የነዱት ሁሉ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ፣ አንዳንዴም የጣናን ውሃ በጄሪካን ስንሞላ ኖረናል። ፋኑ ላይ ያለችው ቪስከስ ክላች ሞታለች፣ ሞተሩ ሲግል ፋኑ መፍጠን ሲገባው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ከስድስቱ ኖዝል ሁለቱ ናፍጣውን መርጨት ትተው ያንጠባጥባሉ። የቫልቮቹ ክፍተትም ከልኩ ወጥቷል። ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እያስማማች የምታዞረው ታይሚንግ ቺንጋዋማ፣ በ100 ሺህ ኪሎሜትር መቀየር ያለባት፣ ማን መቼ እንደቀየራት የሚያውቅ የለም፣ እሷ ብትበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው የቴስታታው ወጪ ራሱ ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ችግር ይዛ ነው እንግዲህ ቱርቦ የጫንኩባት።

ደግሞ የነገሩኝ ነገር፣ ዋን ኤች ዜድ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለ ቱርቦ ነው፣ ናፍጣው መጀመሪያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው ሚቃጠለው፣ አየሩንም ከ22 እጥፍ በላይ ነው ሚጨምቀው፣ ማለት ድሮውንም ታጭቆ ነው የሚሰራው። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ የናፍጣ አረጫጨቱን ሁሉ ቀይሮ ዋን ኤችዲ ቲ ብሎ ሌላ ሞተር አወጣ። ዋን ኤች ዜድ ላይ ቱርቦ አይገጠምም ማለት ግን አይደለም፣ ግፊቱን ግማሽ ባር አካባቢ ይዘህ፣ ቱርቦው መግቢያ ላይ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሰክተህ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ እያየህ፣ ማቀዝቀዣውን አስተካክለህ፣ ይሆናል፣ ለአመታት ሚነዱ አሉ። እኔ ጋ ያ ሁሉ የለም ነበር። አሁን ያለ ቱርቦ ያንኑ ዳገት በሶስተኛ ትወጣዋለች፣ ጭሷም አይታይም። ይሄ ሁሉ ጥገና እንጂ ማሻሻል አይደለም፣ ግን ከዛ በላይ ምን አይነት ማሻሻል አለ?

አሁን ወደ ጎረምሶቹ ልምጣ። ጎረቤቴ ልጅ አለ፣ የኔኑ አይነት 75 ይዟል፣ በጣም ጎበዝና ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ባሌስትራው ላይ ሁለት ሁለት ዝርግ ብረት ደርቦ ከፍ አደረጋት፣ የነበረውን ጎማ አውልቆ ቁመቱ 35 ኢንች የሆነ አስገባ፣ ስኖርከል (ሞተሩ አየር ከላይ እንዲስብ ውጭ የሚቆመው ቱቦ)፣ ፖርቶመጋላ፣ መብራት በመብራት። ስታያት ታስጎመጃለች አልዋሽም። አንድ ቀን ከቤዛዊት ኮረብታ ሲወርድ "ጋሼ ፔዳሉ ይይዛል፣ መኪናው ግን አልቆም አለኝ" ብሎ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ካርቶን አንጥፌ ከስር ገባሁ።

ወደ ፊት ጎማ ሚሄደው የፍሬን ጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፣ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ቢገባ ኖሮ ይበጠስ ነበር። ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ ዋናውን አገኘሁት። በነዚህ መኪኖች ኋላ አክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘች አንዲት ቫልቭ አለች፣ ስራዋ ጭነት መመዘን ነው። ስትጭን ሻሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ሻሲው ከፍ ይላል፣ ኋላው እንዳይቆልፍ ትቀንሳለች። እንግዲህ መኪናውን በብረት ከፍ ስታደርጋት ቫልቯ ምን ታውቃለች፣ ሁልጊዜ ባዶ ነህ ብላ የኋላውን ፍሬን ነፍጋዋለች! ላዩ ላይ ደግሞ ጎማው ስለተለቀ ለማቆም ሚያስፈልገው ጉልበት ጨምሯል። የዛችን ዘንግ ማሰሪያ በልኩ ከፍ ማድረግና ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ መግጠም የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ ከመብራቶቹ ከአንዱ ዋጋም አይበልጥም። የገጠሙለት ሰዎች ግን ስለሷ አንድም ነገር አልነገሩትም፣ ምናልባት አያውቋትም።

በነገራችን ላይ የዚሁ ልጅ ጎማ ከበፊቱ ወደ 9 በመቶ ይተልቃል፣ ስለዚህ ዳሽቦርዱ 80 ሲል መኪናዋ 87 ላይ ነች። ትራፊክ ይዞት "በእናቴ 80 ነው የነዳሁት" ብሎ ማለ፣ እውነቱን ነው ልጁ አልዋሸም፣ መኪናዋ ነች የዋሸችው።

ስኖርከል ላይ ብዙ አልልም፣ ባለቤቴ የመኪና ሺሻ ነው የምትለው። ለአቧራ ይጠቅማል፣ ለውሃም መገጣጠሚያው በደንብ ከታሰረ ይጠቅማል፣ እዚህ ከተማ ያየኋቸው ብዙዎቹ ግን ፓራፋንጎው ላይ ተለጥፈው ውስጥ ያለው ማያያዣ ላላ ያለ ነው፣ ውሃ ከገባ ሞተሩ ውሃን እንደ አየር መጭመቅ ስለማይችል ፒስተኑን የሚይዘው ኮኔክቲንግ ሮድ ይጣመማል። ሰው ሁሉ ረስቶት የቀረው ግን የዲፈረንሻል፣ አክስሉ መሀል ያለው የማርሽ ቤት፣ መተንፈሻ ነው። ጉማራና ርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራ ሜዳ ላይ የተኙ ጊዜ በትኩስ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባሁ፣ ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በመተንፈሻውና በዘይት ማቆሚያ ላስቲኩ በኩል ውሃ ይስባል። ከሳምንት በኋላ ዘይቱን ሳወርደው ማኪያቶ! በሉት ጠጡት የሚያሰኝ ማኪያቶ። አሁን ቀጭን የናፍጣ ቱቦ ቀጥዬ አፉን ኮፈን ስር አስሬዋለሁ፣ እንደዚህ አይነት ችግር ድጋሚ አላየሁም። ይሄን ነው ማሻሻል ምለው እኔ፣ ማንም ፎቶ አያነሳውም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቀው፣ እድሜ ላይ ብቻ አይፍረዱ። ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ ስሄድ ፍሬቻ አብራ፣ ጡሩምባ ንፋ፣ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳሰላል? ሂድ። ከስር ያየ ሰው የለም። መርማሪዎቹ ከፍ ለተደረገች መኪና የተለየ ጥያቄ ይኑራቸው፣ የፍሬን ቱቦው ይደርሳል ወይ፣ የጭነት ቫልቯ ተስተካክላለች ወይ፣ ባሌስትራ ሲጨመር የፊት አክስሉ አቀማመጥ ስለሚዛነፍ መሪው ይዋልላል ወይ፣ ወደ ኋላ ኃይል ሚወስደው ዘንግ ክሮቸራው፣ መታጠፊያ መገጣጠሚያው፣ ከልክ በላይ ታጥፏል ወይ። ይሄን ያሟላ የ30 አመት መኪና ይነዳ፣ ያላሟላ የ5 አመትም ይቁም። እናንተም ጋዜጣ ላይ ስለ መኪና ስትጽፉ ስለ አዳዲስ ሞዴል ብቻ ሳይሆን እንዲህ አይነቱን ለሚያውቁ መካኒኮች ቦታ ስጧቸው፣ እነዚያ ሽማግሌ አይናቸው እየደከመ ነው፣ ተማሪም የላቸው።

ይሄን ሁሉ ስናገር ራሴን ንጹህ አድርጌ አይደለም። ያ የጎረቤቴ ልጅ አምና ለምርመራ ሲሄድ 35ቱን አውልቆ ያለፈው በኔ ጎማ ነው፣ አራቱንም አውሼው፣ ማታ መለሰልኝ፣ ሳቅን። ዘንድሮም ወሩ ደርሷል፣ ሰሞኑን "ጋሼ እንደ አምናው" ማለቱ አይቀርም። አይሆንም ማለት አልችልም፣ ጎረቤት ነው። ግን ጎማዬን ከማውለቄ በፊት ካርቶኑን እኔ አነጥፍለታለሁ፣ ከስር ሚገባው እሱ ነው፣ ያቺን የጭነት ቫልቯን ዘንግ በጣቱ ነክቶ እስኪያሳየኝ እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአባይ ማዶ፣ ባህር ዳር