ምድጃ አልተገኘም ማለት ሸክላ አልተሠራም ማለት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሰሜን ሸዋ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች በተነሣ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ክርክር አለ፤ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ስላልተገኘ ዕቃው ከሌላ ቦታ በንግድ የመጣ መሆን አለበት የሚል። ይህ መመዘኛ የሚሠራው ምድጃ በነበረበት አገር ነው። በእንግሊዝ፣ ሳልዝበሪ አጠገብ ላቨርስቶክ በሚባል ቦታ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሸክላ ሠሪዎች ምድጃዎች በቁፋሮ ወጥተዋል፤ ዕቃቸውም በቅርብ ለነበረው ለክላረንደን ቤተ መንግሥት ይቀርብ ነበር። የእኛ ደጋ ሸክላ ግን የሚተኮሰው ሜዳ ላይ ነው። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይጫራል፣ ኩበትና ጭራሮ ይነጠፋል፣ ዕቃው ይደረደራል፣ በላዩ አሮጌ ገል ይከደናል፣ ከዚያ እንደገና ኩበትና ጭድ ይለብሳል። ሙቀቱ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ጫፍ ላይ የሚቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። የሚተርፈው ትንሽ የቀላ አፈርና አመድ ብቻ ነው። አመዱን ነፋስና ክረምት ይወስዱታል፣ የቀላውን አፈር ማረሻ ይበትነዋል። ከዚህ ውስጥ ግንብ ምድጃ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ታዲያ ማስረጃው የት አለ? ገሉ ራሱ ላይ ነው። አንዱን አንሥቶ ስብራቱን በጎን ማየት ነው። ፊቱና ጀርባው ቀልቶ መሐሉ ጥቁር ከሆነ፣ ዕቃው በፍጥነት ተተኩሷል ማለት ነው፤ በጭቃው ውስጥ የነበረው ጭድና ሥራሥር ነዶ ለማለቅ ጊዜ አላገኘም። ይህ ጥቁር መሐል በስብራቱ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ፣ ዕቃው የተሰበረው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ይሁን ገበያ መንገድ ላይ መለየት አይቻልም። የስብራቱ ጠርዝ ራሱ እንደ ፊቱ ከቀላ ወይም ጭስ ከጠጣ ግን፣ ዕቃው የፈነዳው እሳቱ ውስጥ እንዳለ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ የለም፤ ስለዚህ የተገኘበት ቦታ ከተተኮሰበት ሩቅ አይሆንም። ቤት ሲቃጠልም ገል ስለሚቀላ በአንድና በሁለት ገል ብቻ መፍረድ አይገባም፤ የተቃጠለ የግድግዳ ጭቃ አብሮ ከወጣ ነገሩን ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል።

አተኳኮሱ ሲበላሽም የራሱን ምልክት ይተዋል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት የገባ ዕቃ ውስጡ የቀረው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ቅርፊት እየፈነቀለ ይጥላል። ዋልካ የበዛበት ጭቃ ሲደርቅ ከመጠን በላይ ስለሚኮማተር ገና ሳይተኮስ ከከንፈሩ ወደ ታች ይሰነጠቃል፤ የተፈጨ ገል የሚደባለቅበትም ይህን ለማስታገስ ነው። ጭቃው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ፍንካች ከገባ ደግሞ ተንኮሉ የዘገየ ነው። ሙቀቱ ወደ 800 ዲግሪ ሲጠጋ ድንጋዩ ይቃጠላል፣ ዕቃው ደህና መስሎ ይወጣል፣ ከቀናት በኋላ የአየር እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ግን ላዩን ይፈነቅለዋል።

የተበላሸ ዕቃ ክምር በብዛት አለመገኘቱም ሊያሳስት አይገባም። ሸክላ ሠሪ ብልሽቷን አትጥልም፤ ፈጭታ ለሚቀጥለው ጭቃ ታደርገዋለች፣ ወይም ለመክደኛ ታስቀምጠዋለች። ለመክደኛ የዋለ ገል ደግሞ ደጋግሞ ስለሚቃጠል ፊቱም ጀርባውም ጠርዙም እስከ መሐሉ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ተጣሞ ይገኛል። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ማለስለሻ ጠጠር ነው፤ አንድ ጎኑ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ የወንዝ ድንጋይ፣ ወንዝ በሌለበት ጉብታ ላይ ሲገኝ።

ዕቃው ከየት እንደ መጣ አፈሩም ይናገራል። የመንዝና የተጉለት አምባ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በጀማ ሸለቆ ሥር ግን የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ይወጣል። ከገሉ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ሁለቱን ይለያል። መንዝ ላይ የኖራ ድንጋይ ፍንካች ያለበት ገል ከተገኘ፣ ዕቃው ወይም ጭቃው ከቆላ ወጥቷል ማለት ነው። ከንግድ መጣ የሚለውም ወገን ሊያቀርበው የሚገባ ማስረጃ ይህን የመሰለ ነው።

በመንዝና በጊሼ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚቆጠሩት፣ በሻይ ወንዝ ስም የሚጠራው ባህል ሰዎች ያስቀሩልን ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ቅርጹ ወገቡ ላይ በማዕዘን የታጠፈ ሸክላ በአብዛኛው የወጣው ከመቃብር ጉብታ ነው። መቃብር የሚነግረን ለሙታን የተመረጠውን ነው፤ የሠሪዎቹን መንደር አያሳይም። በኢፋት ተዳፋት ላይ ያሉት የኖራ፣ የአስበሪና የመሳል ከተሞችም ስማቸው የሚነሣው በመስጊዶቻቸው ነው። ቁፋሮ ሁሌም ወደ ግንቡና ወደ መቃብሩ ያደላል። በኋለኛው ዘመን ርስት የተነፈገውና ቡዳ እየተባለ የተገፋው ሸክላ ሠሪ የኖረው በመንደር ጠርዝ፣ ጭቃና ውኃ በሚቀርብበት ነበር፤ ቀድሞም እንዲሁ እንደ ነበር ገና ባይረጋገጥም ፍለጋው ከዚያ መጀመር ነበረበት።

ዕድሜ ላይ ጥንቃቄ ይብዛ። አመዱ ውስጥ የባሕር ዛፍ ከሰል ካለ ያ እሳት ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የነደደ ነው። የጀበና ጡት ከወጣም ንብርብሩ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል፤ የክርስቲያኑ ደጋ ቡናን በሰፊው የለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነውና። ለካርቦን ምርመራ የጽድ ግንድ ከሰል አይመረጥም፤ ዛፉ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር ውጤቱን ከእሳቱ ቀን ያስረጀዋል። ቀጭን ጭራሮ ወይም የተቃጠለ ገብስ ይሻላል።

እርከን ሲሠራ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር ገል የሚያገኝ ሰው ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ባይወስድ እንለምናለን፤ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመው ያልተዋበው፣ የተጣመመውና የተላጠው ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ግኝቱን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ክልክል ነው። የገሉን ጥቁርሻ አጥቦ ማጽዳትም አይገባም፤ ዕቃው ምን እንደ በሰለበት የሚታወቀው ከእሱ ነው።

ጋዜጣችሁም የገል ፎቶ ሲያወጣ የጌጡን ፊት ብቻ አያሳይ። ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ የስብራቱ ጎንም ይታተም።

ከደብረ ብርሃን