በጣት አሻራ መግባት ስለ ጀመርንበት የቢሮ ኮምፒውተር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ለደብረ ማርቆሱ ቢሯችን ዴስክቶፕ የገዛነውን የአሻራ ማንበቢያ፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሥርዓት ኡቡንቱ አውቆታል። እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ መለያ ግቡና ‹‹ሴቲንግስ›› ውስጥ ‹‹ዩዘርስ››ን ክፈቱ (በአዲሶቹ የኡቡንቱ እትሞች ‹‹ሲስተም›› በሚለው ሥር ነው)፤ ‹‹ፊንገርፕሪንት ሎጊን›› እዚያ አለ። መስመሩ የሚታየው ማንበቢያው ሲገናኝ ብቻ ስለሆነ፣ ካጣችሁት መጀመሪያ የዩኤስቢ ገመዱን እዩ። ከዚያ ጣታችሁን ትንሽ እያዘነበላችሁ ደጋግማችሁ አስነኩ።

አንድ አደራ አለኝ። አብዛኞቻችን ጤፍ አጭደን፣ አርመን የምንመጣ ነን፤ የተሸረሸረና የተሰነጣጠቀ ጣት ለማንበቢያው ያስቸግረዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናታችን በአመልካች ጣታቸው ደጋግመው ሞክረው እምቢ ሲላቸው አዝነው ነበር፤ የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት ስንመዘግብ ወዲያው ገቡ። ስለዚህ ከአንድ በላይ ጣት አስመዝግቡ፤ እጃችሁንም ታጥባችሁ አድርቁ።

የይለፍ ቃላችሁን ግን አትርሱ። በአሻራ ከገባችሁ በኋላ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚጠብቀው ኪሪንግ የተባለ ፕሮግራም የይለፍ ቃላችሁን ይጠይቃችኋል፤ ብልሽት አይደለም። አሻራችሁ እዚያው ቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል እንጂ በኢንተርኔት አይላክም። በሌላ ሰው መለያ ጣታችሁን ፈጽሞ አታስመዝግቡ፤ የቁጠባ መዝገባችንን ማን እንደከፈተው መለየት አለብን።

የተቸገረ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቢሮ ብቅ ይበል፤ እኔ እጠብቃለሁ።