የምስጋና መልእክት ለደሴና ለአካባቢዋ ወዳጆቼ

የተከበራችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ወዳጆቼ፣

ፈጣሪ ይመስገን፣ የግራ ዓይኔም በራልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ የሚያነብልኝም የሚጽፍልኝም አላስፈለገኝም።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ እኔ የሌሉ ፍጡራንን መልክ የምስል ሰው ነኝ። የቦርከና ወንዝ ጋኔን እንደ ንጉሥ ሚካኤል ዘመን መኳንንት ለምድ ደርቦ፣ እጁን ጎራዴው ላይ አሳርፎ፣ ፎቶግራፍ ሊነሣ እንደ ተቀመጠ ሰው ኮስተር ይላል። የጅብ ወይዘሮ በነጠላና በጃንጥላ ከሰኞ ገበያ ትመለሳለች። የጦሳ ተራራዋ አድባር ደግሞ ጉሙን ተከናንባለች፤ ደሴ ላይ ጉም መቼም አይጠፋም።

ሥዕል ያስተማሩኝ መሪጌታ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ሰይጣን ግን በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ነግረውኛል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነውና በቤተ ክርስቲያን ሥራ አልነካሁትም። ቤቴ ውስጥ ግን ጋኔኖቼን በሙሉ ፊት ለፊት አስቀምጬ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው። ኋላ የእኔን ዓይን ሞራ ሲጋርደው አንድ የሰፈራችን ቀልደኛ «ለጂኒ ዓይን ሲያድል የራሱን ጨረሰ» አለ። እሱንም አመሰግነዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

የዓይን ሞራ ተንኮለኛ ነው። ሳያም፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ዓለምን ጭስ እንደ ጠገበ መስታወት ያደርጋታል። ነጩ ወደ ብጫ ይሄዳል፣ ሰማያዊው ይደበዝዛል። ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣሽ በቀለሙ ቱቦ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቢልኝ የከረምሽው የጎረቤቴ ልጅ፣ ያለ አንቺ የወይዘሮዋ ጃንጥላ ምን ዓይነት ቀለም ይወጣው እንደነበር እንጃ!

የደፈረሰውን ሌንስ አውጥታችሁ በሰው ሠራሽ የተካችሁልኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየሁት የአንዲት አስታማሚ ሰማያዊ ሻሽ ነበር። ሰማያዊ ይህን ያህል ደማቅ መሆኑን ረስቼው ኖሯል፤ ሴትዮዋ እስክታፍር ድረስ አፍጥጬባት ቀረሁ።

ከግሸን ጠበል ያመጣችሁልኝ፣ ወዳጃ በምንለው የጸሎት ጉባኤ ተቀምጣችሁ ዱዓ ያደረጋችሁልኝ እናቶች፣ ጂኒ ሲስል ለሚውል ሰው መለመን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሬም በዱቤ የሠራህልኝ አናጢ፣ ሒሳብህን በቅርቡ ይዤልህ እመጣለሁ።

ለሕክምናው ገንዘብ ከቤት ቤት እየዞሩ ያሰባሰቡት የእድራችን ገንዘብ ያዥ ስማቸው እንዳይጠራ አስጠንቅቀውኛል፤ ቃላቸውን አክብሬያለሁ። መልካቸውን ስለ መሳል ግን ምንም አላሉም። ሸራው ተወጥሯል፤ ካባውንም ጀምሬዋለሁ። ቀንዱ አንድ ይሁን ሁለት ገና አልወሰንኩም፤ የምታውቋቸው ሰዎች አስተያየት ካላችሁ ቀለሙ ሳይደርቅ ብቅ በሉ።