ክብሪቱን ማን ጫረው ብቻ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ «ሞሮ ካስል» መርከብ ቃጠሎ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብ ይሰቅላል። ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። የመርከብ ኢንጂነር ነኝ፤ ቅሬታዬም ከዚያው ነው የሚመጣው።

ከግማሽ በላዩ የራዲዮ ኦፕሬተሩ የጆርጅ ሮጀርስ ታሪክ ነው። ይገባኛል። መጀመሪያ ጀግና ተባለ። ኋላ ባልደረባውን በቦምብ ሊገድል ሞክሮ ታሰረ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ «በቃ፣ የለኮሰው እሱ ነው» ማለት ያምራል። ፍርድ ቤት ግን በቃጠሎው አልፈረደበትም። ለኩሶት ቢሆንስ? ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በክብሪት ብቻ ነው?

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1934 ነው፤ በእኛ ጳጉሜ 3 ቀን 1926፣ የሩፋኤል ዕለት። መርከቡ 549 ሰው ይዞ ከሃቫና ወደ ኒውዮርክ እየተመለሰ ነበር። ካፒቴን ዊልሞት በዋዜማው ማታ በድንገት ስለሞቱ ምክትላቸው ዋርምስ ተተክተዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከጽሕፈት ክፍሉ ቁም ሣጥን እሳት ተነሣ።

የእሳት ማጥፊያው የውኃ መስመር በአንድ ጊዜ 6 ቱቦ ብቻ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነበር። በድንጋጤ ሁሉም በየፊናው ከፈተ። ግፊቱ ወረደ፣ ውኃው ይንጠባጠብ ጀመር። አንድ ዴክ ላይማ ቱቦዎቹ ቀድሞውኑ ተነሥተዋል። ለምን ቢሉ፣ አንዲት ተሳፋሪ ቱቦ ያረጠበው ወለል ላይ ተንሸራትታ ወድቃ ስለከሰሰች! የእሳት በር ቢኖርም ከኮርኒሱ በላይ ክፍተት ነበረ፤ ግድግዳው ደግሞ የተወለወለ እንጨት ነው። መርከቡም በዚያ ማዕበል ነፋሱን ፊት ለፊት እየገጠመ መሄዱን ቀጠለ። ለእሳቱ ወናፍ ሆነለት ማለት ነው። የድረሱልኝ ጥሪው (ኤስኦኤስ) የተላከው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው።

ከ12 ነፍስ አድን ጀልባዎች 6ቱ ብቻ ወረዱ። 408 ሰው መያዝ ሲችሉ የጫኑት 85 ነበር፤ አብዛኞቹም ሠራተኞች። ተሳፋሪው ዘለለ። ሲዘል ላይፍ ጃኬቱን ወደ ታች ጨምቆ መያዝ እንዳለበት ያሳየው ስላልነበረ፣ ውኃውን ሲመታ ጃኬቱ ራሱ አንገቱን የሰበረው ሰው አለ። 137 ሰው ሞተ።

ኒው ጀርሲ፣ አስበሪ ፓርክ ዳርቻ ላይ ስለቆመው የመርከቡ ቅሪትና ስለጎረፈው ተመልካች የጻፋችሁት ግሩም ነው። የተቃጠለው መርከብ ፖስት ካርድ ሆኖ መሸጡን ሳነብ ግን አፈርኩ።

እሳት የሚቋቋም ቁሳቁስ፣ ራሱ የሚዘጋ በር፣ ተጠባባቂ ጄኔሬተር፣ የግዴታ ልምምድ፤ እነዚህ ሁሉ ሕግ ሆነው የጠነከሩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ዛሬ ሻይ ልንጠጣ ስንል የልምምድ ደወል ሲጮኽ እኛም እናጉረመርማለን፤ አልዋሽም።

አንድ ስም ግን ዘላችኋል፤ የቺፍ ኢንጂነሩ የኤባን አቦት። ማሽን ክፍሉን ትቶ፣ ቀድመው ከወረዱት ጀልባዎች በአንዱ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1936 በቸልተኝነት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ፍርዱ ተሻረለት። ለሮጀርስ አንድ ገጽ ከሰጣችሁ ለእሱ ሁለት መስመር አይጠፋም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመርከብ ኢንጂነር