«ደስታ» ተወደደ

ለውድ ደንበኞቻችን
ጉዳዩ፦ ስለ ማተሚያ ቤታችን ሥራ መቀዝቀዝና ስለ ዋጋችን

እንደምን ሰንብታችኋል?

እንደምታውቁት በእኛ ሰፈር 500 ሉህ የያዘው የወረቀት እሽግ «አንድ ደስታ» ይባላል። ስለዚህ አንዳችሁ ደውላችሁ «ደስታ ስንት ገባ?» ስትሉን ስለ ኑሮ እየጠየቃችሁን እንዳልሆነ ይገባናል። መልሳችን ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያው ነው፤ ደስታ ተወዷል።

ሥራም ቀዝቅዟል። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኛው ብትሰሙት ይሻላል ብለን ነው የጻፍንላችሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም ማተሚያ ቤት መቀዝቀዙን ለምደነዋል። ዘንድሮ ግን ጥር ራሱ ሁዳዴን መስሎ አለፈ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ቡና የምታፈላው ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ማሽኑ ታመመ እንዴ?» አለችን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲኒዎቿን የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ሲጠፋባት ጊዜ ደንግጣ ነው። ኦፕሬተራችን ጨርቁን እንደያዘ ቀና አለና «አልታመመም፣ እየጾመ ነው» አላት።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ፕሌቱ (የሚታተመው ምስል የሚቀረጽበት ስስ ብረት)፣ የሮለር (ቀለሙን የሚያዳርሰው የማሽኑ ጥቅል) ማጠቢያው ሳይቀር ከውጭ ነው የሚገባው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ ብዙ ደንበኞቻችን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። እግረ መንገዳቸውን ጎራ ይሉ የነበሩት ልብስ ሰፊዎችና ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሁን ሁለት ታክሲ ይዘው መምጣት አለባቸው። የሠርግ ጥሪውም በቴሌግራም እየተላከ ነው። በዚህኛው እንኳን ማንንም አንወቅስም። እኛም የዘመዶቻችንን ጥሪ በስልክ ነው ያየነው።

አሁን በጣም ወደምትጠይቁን ነገር እንግባ። «100 ካርድ ለምን የ1000ውን ያህል ሊጠጋ ይችላል?» ትላላችሁ። የቀለም ሥራ አራት ፕሌት ይፈልጋል፤ ለሰማያዊ፣ ለቀይ፣ ለቢጫና ለጥቁር። ማሽኑ ቀለሙን አስተካክሎ አራቱን አንዱ በሌላው ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ብዙ ወረቀት ይበላሻል። ሥራው ሲያልቅ ሮለሩ ይታጠባል። ይሄ ሁሉ ለ100ም ለ1000ም እኩል ነው። ዋጋው ያለው ዝግጅቱ ላይ እንጂ ሕትመቱ ላይ አይደለም።

ይህን እያወራን ሳለ ነው የተላላኪነት ሥራ የምትሠራልን ልጅ «ታዲያ ሰዎቹን ለምን አብራችሁ አታሳፍሯቸውም?» ያለችው። እንደ ታክሲ ማለቷ ነው። በአንድ ኤ3 ወረቀት ላይ 20 ቢዝነስ ካርድ ይገባል። የአምስት ደንበኛ ካርድ በእነዚያው አራት ፕሌቶች አብሮ ሲሠራ ዝግጅቱን አምስቱ ይካፈሉታል። ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ቢሆን ይህን ለማቀናጀት ጊዜ አይኖረንም ነበር። አሁን ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ እናትማለን፤ 100 ካርድም እንቀበላለን። አንድ ነገር ግን እወቁልን፦ ወረቀቱና ቀለሙ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የተለየ ወረቀት የሚፈልግ ለብቻው ይሳፈራል።

ሌላው ለውጥ፣ የዋጋ ማቅረቢያችን የሚጸናው ለ7 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቃል ገብተን ሁለት ጊዜ ከስረናል። ግማሹን ቅድሚያ የምንጠይቀውም ወረቀቱን በዕለቱ ዋጋ ገዝተን ለማስቀመጥ ነው።

ያላደረግነው ነገርም አለ። ወረቀት ሲወደድ ቀላሉ መንገድ ማሳሳት ነው። 80 ግራም (የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ማለት ነው) ብሎ 70 መስጠት። እኛው ራሳችን ተበልተናል። አንድ ነጋዴ «80 ነው» ብሎ የሸጠልን ወረቀት በእጅ ሲያዝ ሳሳብንና ሚዛን ላይ አወጣነው። 2 ኪሎ ከ200 ግራም እንኳን አልሞላም። የ80 ግራም ኤ4 አንድ ደስታ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ መመዘን አለበት። ይህን ለራሳችሁ ያዙት፤ የቢሮ ወረቀት ስትገዙም ይጠቅማችኋል። የእኛን ወረቀትም መጥታችሁ መዝኑ፤ ሚዛኑ ከመቁረጫው አጠገብ ነው።

ሠራተኛ አልቀነስንም። ስድስት ነበርን፣ ስድስት ነን። ቅዳሜን ግን ዘግተናል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ቀርቷል። ይህን የወሰነው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፣ ስድስታችንም ተቀምጠን ተነጋግረንበት ነው። ቀላል ነበር ብንል ውሸት ነው።

ተስፋችሁ ምንድን ነው ለምትሉን አንድ ነገር እናሳያችሁ። ኦፕሬተራችን ማሽኑ በቆመባቸው ቀናት ሮለሮቹን አንድ በአንድ አውርዶ አጽድቶ፣ ያረጁትን ለይቶ ቀየረ። ሲጨርስ አንድ ፖስተር አትሞ ወደ መስኮቱ ወሰደውና ዝም ብሎ ያየው ጀመር። በፖስተሮቻችሁ ቀኝ ጠርዝ ላይ ለዓመታት ትታይ የነበረችው ቀጭን መስመር ጠፍታለች። እናንተ ስትጠይቁን «የወረቀቱ ነው» እንላችሁ ነበር። የወረቀቱ አልነበረም። ይቅርታ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይመለሳል፤ ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤቶች በጀት ሲዘጉ ይሯሯጣሉ። የመስከረም ካላንደር የምታሠሩ ግን ነሐሴን አትጠብቁ። ዲዛይኑን አሁን ብትጀምሩት ዲዛይነራችን ጊዜ አላት፤ ሦስት ጊዜ ብታስቀይሯትም አትቆጣም። ነሐሴ ላይ ግን ትቆጣለች።

ለሐሙሱ ሕትመት ካርዳችሁን እስከ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላኩልን። ብቅ ካላችሁም ቡናው በእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የማተሚያ ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች
አዲስ አበባ፣ ፒያሳ